መጋረጃ ሳቢው

አለቃ ገብረ ሊባኖስ ጠመንጃ በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ ለቅሶው ዳስ ሲገቡ ሴቶቹ ሹክሹክታቸውን አቋረጡ። አለቃ የዜማ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመቋሚያና ከጸናጽል በቀር ይዘው የታዩት ነገር የለም። አሁንም ጠመንጃውን የያዙት እንደ መቋሚያ ነው፣ አፈሙዙን ከብብታቸው ሥር ወሽቀው። ከዳሱ ምሰሶ አስደገፉትና ከሥሩ አንድ ያረጀ የወታደር ካፖርት አጥፈው አኖሩ።

"ይህ የማን ነው?" አለች ወለተ ሐና ከተቀመጠችበት ሰሌን ሳትነሣ።

"የወንድምሽ ነው።"

"ወንድሜ መሣሪያ አልነበረውም፣ አጎቴ። እርስዎም ያውቃሉ።"

አለቃ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ነገ ሰልስት ነው። ግራዝማች ብዙነህ ከነዘመዶቹ ከዚሁ ከዋጉ ዝቋላ ይመጣል። የወታደር ለቅሶ ያለ መሣሪያ አይወጣም። ጠመንጃውን ከመሐል አቁመን አንቺ በዚያ ላይ ታለቅሺለታለሽ።"

ወለተ ሐና ትናንት ታናሽ ወንድሟን ወርቅአገኘሁን ቀብረው ከተመለሱ ወዲህ ለማንም ብዙ አልተናገረችም።

በሰቆጣና በዙሪያዋ ወለተ ሐናን የማያውቅ ቀዬ የለም። አልቃሽ ናት። ሰው የሞተበት ሁሉ በቅሎ ይልክላታል። እሷም ከለቅሶው መሐል ከመቆሟ በፊት ጎረቤቱን እየዞረች ትጠይቃለች፤ ሟቹ ምን አረሰ፣ ማንን አበላ፣ ከማን ተጣልቶ ከማን ታረቀ ትላለች። ከዚያ ያገኘችውን ብቻ በሙሾ ታወርዳለች። ያልገደለውን ገደለ፣ ያልሰጠውን ሰጠ አትልም። አንድ ስሙን የማናነሣው ባለጸጋ ሲሞት፣ "ጎተራው ከነነቀዙ ቆሞ ቀረ" ብላ ብታለቅስለት ልጆቹ እንባቸውን ይጥረጉ ወይስ ይቆጡ ጠፍቷቸው ነበር። "በሬሳ ላይ አይዋሽም" ትላለች ሲጠይቋት። የአገሩ ስስታም ሁሉ በእርጅናው ደግ የሚሆነው እሷን ፈርቶ ነው እያሉ ያሟታል።

በገዛ ወንድሟ ቀብር ላይ አፏ የተሳሰረው ይህችው ሴት ናት። ደረቷን መታች፣ ፊቷን ነጨች፤ አንዲት ስንኝ ግን አልወጣትም። ለቀስተኛው ዐይን ዐይኗን እያየ ጠብቆ ጠብቆ ተስፋ ቆረጠ። ዛሬ ዳሱ ውስጥ ንፍሮ የሚዘግኑት ሴቶች ወሬያቸው ሁሉ ይኸው ነው።

"ለባዳው እንደ ዝናብ ስታወርደው ኖራ ለገዛ ሥጋዋ ደረቀች።"

"ለካስ ለቅሶዋ ለሚላክላት በቅሎ ኖሯል!"

"ተዪ እንግዲህ፣ ሐዘን ሲበዛ አፍ ይይዛል። ደግሞ የውትድርናውን ነገር ሴት ምኑን ታውቀዋለች?"

ወለተ ሐና ትሰማቸዋለች። ችግሩ ግን አለማወቋ አልነበረም። በዚያ ዳስ ውስጥ ከአጎቷ ቀጥሎ ነገሩን አጥርታ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ አፏን ያሰረውም ያው ነው።

ወንድምና እህቱ ገና ሕፃናት ሳሉ ወላጆቻቸውን ቢያጡ ያሳደጓቸው አለቃ ናቸው። ወርቅአገኘሁ ቤት ውስጥ ከአገዎቹ ቋንቋ ከኽምጣኛ ሌላ ሳይሰማ አድጎ፣ አማርኛው እንኳ ገና ሳይገራለት፣ ድጓውን በቃሉ ያዜም ጀመር። የግዕዙን ትርጉም አያውቀውም፤ ዜማውን ግን አንዴ ከሰማው አይለቀውም። አለቃ ፊት ለፊት አያመሰግኑትም ነበር። ብላቴናው ሲያዜም ግን ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲከተሉት ወለተ ሐና ብዙ ጊዜ አይታለች። ወንበራቸውን የሚያወርሱት ለእሱ እንደሆነ አገር ያውቃል።

በዐሥራዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ላይ ከማር ነጋዴዎች ጋር አሥመራ ወረደ። ነጋዴዎቹ ተመለሱ፤ እሱ ቀረ። "ከአሜሪካኖቹ ሠፈር ተቀጥሯል" አሉ፣ "ወታደሮቹ ከነሚስቶቻቸው ከሚዘፍኑበት አዳራሽ።" አለቃ ይህን ሰምተው ተነሡ፤ ከደጀ ሰላሙ ሲደርሱ ለጠየቃቸው ሁሉ "ወርቅአገኘሁ ጦር ሠራዊት ገብቷል" አሉ። በዚያ ዓመት የወለተ ሐና ሠርግ ተቆርጦ ነበር። በዘፈን አዳራሽ የሚያድር ከአዝማሪ ይቆጠራል፤ አዝማሪ ከወጣበት ቤት ደግሞ ሚስት የሚወስድ ጨዋ የለም፤ አጥንቱ ይቆጠራል፣ ዘሩ ይነሣል። ስለዚህ እሷ በበቅሎ ተጭና ከባሏ ቤት የገባችው በዚያ ውሸት ላይ ተቀምጣ ነው። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ፤ የእነሱም ቤት ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሆኖ ቀረ።

ከቀትር በኋላ የግራዝማች ሚስት እመት አልጣሽ ቀድመው መጡ። የወርቅአገኘሁ አንድያ ልጅ ጥሩሐረግ ለእሳቸው ልጅ ታጭታለች። ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች ተብሎ ነበር፤ አሁን ሐዘኑ ስለገባ ለመጪው ጥር ይዛወራል። እመት አልጣሽ ወጉን አልቅሰው ተቀመጡና ጠመንጃውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ይኸው ነው መሣሪያው?"

"ይኸው ነው" አሉ አለቃ ቶሎ ብለው።

"ግራዝማች ደስ ይለዋል። እሱ መቼም አመሉ ነው፤ 'ልጄ ከባሩድ ዘር ካልተዋለደ አላስገባም' ይላል። የአባትየውን ጀግንነት ነገ ከወለተ ሐና አፍ እንሰማለን ብሎ ወንድሞቹን ሁሉ አስከትሏል። እሷ አትዋሽም ብሎ ነው።"

ጥሩሐረግ ንፍሮ ይዛ ከፊታቸው ቆማ ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ ቀና ሳትል ወጣች። ወለተ ሐና የወንድሟን አካሄድ በልጅቱ ትከሻ ላይ አየች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወርቅአገኘሁ ወደ ሰቆጣ የተመለሰው ይህችን ልጅ በእጁ፣ ሳሉን በደረቱ ይዞ ነው። ሚስቱ አሥመራ ሞታበታለች። አጎቱ ያስወሩትን ሲሰማ ሳቀ፤ ግን አላስተባበለም። "የኔታን አላዋርድም" አለ። ቀን ቀን ከቤት ሳይወጣ ይውልና፣ ወለተ ሐና ጥጥ ስትፈትል ከአጠገቧ ተቀምጦ ያጫውታት ነበር።

"ለመሆኑ ሥራህ ምን ነበር?" አለችው በመጀመሪያው ሰሞን።

"መጋረጃ እስባለሁ።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ መልሼ እዘጋዋለሁ።"

ቀስ በቀስ ነው የገባት። ኒውዮርክ የሚባል ከተማ አለ፤ በዚያ ከተማ የቴአትር ቤቶች መንገድ አለ። አንድ ጨዋታ እዚያ ከተወደደ ለዓመታት በየምሽቱ ይታያል፤ ዜማው በሸክላ እየተቀዳ ዓለምን ይዞራል። የአሥመራዎቹ ወታደሮች ደግሞ ከሸክላው እያጠኑ፣ ሚስቶቻቸው ልብሱን እየሰፉ፣ ያንኑ ጨዋታ በአዳራሻቸው ይሠሩታል። ወርቅአገኘሁ ገመዱን ይዞ ከጥግ ቆሞ ሁሉንም በቃሉ ያዘው። ቋንቋውን አያውቅም፤ "ድጓውንስ ስጀምር መቼ አውቄው?" ይላል። እያንዳንዱን ዘፈን አለቃ እንዳስተማሩት በሦስቱ የዜማ ስልቶች ለይቶ አስቀምጦታል። ይሄ ግዕዝ ነው፣ ይሄ ዕዝል፣ ይቺ ደግሞ አንዲት ልጅ ብቻዋን የምትላት አራራይ ናት እያለ ያዜምላታል። ጎረቤት ሲጠይቅ የጦር ሜዳ ዘፈን ነው ተብሎ ይታለፋል።

"ግን ሰው ነገር እየተናገረ ሳለ ድንገት እንዴት ይዘፍናል?" አለችው።

"ቃሉ ሲያልቅበታ። ንግግር የማይበቃበት ቦታ ሲደርሱ ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑም አልበቃ ሲል ይጨፍራሉ።"

ወለተ ሐና እንዝርቷን አቆመች። "እኛስ ታዲያ? አውርተን አውርተን ሲያቅተን ሙሾ እናወርዳለን፤ እሱም አልበቃ ሲል ደረት እንመታለን።"

"አዎ!" ብሎ ጭኑን መታ፤ ሳሉ እስኪያፍነው ድረስ ሳቀ። "አንቺ ብቻ ነሽ የገባሽ፣ እታለም።"

አንድ ነገር ደግሞ ለማንም እንዳትነግር አስምሎ ነግሯታል። ሥራ በጀመረ ሰሞን የሚታየው ጨዋታ የባቡር ዋሻ ስለሚቆፍሩ ሰዎች ነበር። ባርኔጣ የምትሸጥ ልጅ አለች፤ እጮኛዋ ቆፋሪ ነው። ዋሻው ይደረመስበታል። ልጅቱ ኮቱን ታቅፋ ከባዶው መድረክ መሐል ቆማ ብቻዋን ታዜማለች። አዳራሹ ሙሉ ሰው ቁጭ ብሎ ያያታል፤ የሚነሣ የለም፣ ደረቱን የሚመታ የለም። ወርቅአገኘሁ የዋግ ልጅ ነው። በአገሩ ሙሾ እየሰማ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ሰው ከሰው አይቆጠርም፤ የማያውቀው መንገደኛ እንኳ ከበቅሎው ወርዶ፣ አልቅሶ ነው የሚያልፈው። ገመዱን ለቀቀና ወጣ። ከልጅቱ ጎን ቆሞ ነጠላውን አደገደገ፤ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ ደረቱን ይመታ ጀመር። በኽምጣኛም አለቀሰ፣ በአማርኛም አለቀሰ። ልጅቱ ደነገጠች። በኋላ ግን እጁን ያዘችውና ዘፈኗን እስከ መጨረሻው አወጣች። ሰዉ የጨዋታው ክፍል መስሎት ፀጥ ብሎ አየ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ዐይኔን እየጠረግሁ ከመጋረጃው ጀርባ ስገባ ሟቹ ሲጃራውን እያጨሰ አገኘሁት! እየሳቀ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ልመታው ምንም አልቀረኝ። ሰው እንዴት በሞት ይቀልዳል ብዬ ለቀናት ከቤቴ ዋልሁ።"

"ምን መለሰህ ታዲያ?"

"አዳራሹ ውስጥ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ሰዎች መለሱኝ። ለዚያ ለአጫሹ አልነበረም የሚያለቅሱት። ሁሉም የየራሱን ሬሳ ይዞ መጥቷል። እኔም እኮ የእናቴን ነው ያለቀስሁት።"

ወለተ ሐና ወንድሟን ከዚያን ቀን የበለጠ የወደደችው ቀን የለም። ይህ ሁሉ ታዲያ ነገ በተዋሱት ካፖርት ሊሸፈን ነው።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አጎቷን ከዳሱ ኋላ አገኘቻቸው።

"አጎቴ፣ እኔ አልችልም። ሌላ አልቃሽ ይጥሩ።"

"ሌላማ ብትመጣ 'እህቱ ለምን እምቢ አለች' ይባላል። እንደዚያ ከሆነ ከነጭራሹ ብንናገር ይሻላል።" አለቃ ወደ መሬት አዩ። "ለእኔ ክብር ብዬ መሰለሽ? እኔ አንድ እግሬ ከጉድጓድ ነው። ልጅቱን አስቢ። እናት የላት፣ አባት የላት። አንቺን ያን ጊዜ ያዳንኩሽ በዚሁ ነው።"

"ያዳኑኝስ አድነውኛል። እሱን ግን ሁለት ጊዜ ሊቀብሩት ነው።"

አለቃ ፊታቸው ተለዋወጠ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ጥሩሐረግ ማድጋዋን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ወለተ ሐና፣ አጎቷ ስለ ልጅቱ ያሉት ከልቧ ገብቶ፣ ከበሩ ጠበቀቻት። "ልጄ፣ ነገ ለአባትሽ በጠመንጃው ላይ አለቅስለታለሁ" አለቻት። ልጅቱ ማድጋውን አወረደች፣ አፉን በቅጠል ከደነች፣ እንደገና ገልጣ ከደነች። "እሺ አክስቴ" አለች በመጨረሻ። ወለተ ሐና ይህን እሺታ እንደ ምርቃት ቆጥራ ተቀበለችው፤ ልቧ ግን አልተቀበለውም።

በሰልስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሜዳው በሰው ሞላ። ሴቶቹ በክብ ቆሙ፤ ወንዶቹ ከኋላ ሆኑ። ግራዝማች ብዙነህ ከወንድሞቻቸው ጋር ከፊት ቆመዋል። ጠመንጃው ከመሐል ተተክሎ ካፖርቱ ተደርቦበታል። ከሩቅ ሲያዩት ራስ የሌለው ሰው ይመስላል። ወለተ ሐና ነጠላዋን ከወገቧ አጥብቃ ገባች። ዞረች፣ እንደገና ዞረች። ከዚያ ድምፅዋን አወጣችው፦

መድፍ ያላስደነገጠው፣ ጥይት ያልነካው ሰው፣
ምነው ከእሳት ዳር ሳል ብቻ ጨረሰው!

ሜዳው ተናወጠ። ለእውነተኛ ሬሳዎቿ ሁሉ እንዲህ ተለቅሶላት አያውቅም። ወንዶቹ ተንሰቀሰቁ። ግራዝማች "ወይ ጀግና! ወይ ጀግና!" እያሉ ግንባራቸውን መቱ። ሴቶቹ ስንኙን እየተቀበሉ ደጋገሙት። ሲደጋግሙት ወለተ ሐና በሕይወቷ እንደዚያን ሰዓት አፍራ አታውቅም። ውሸቱ እንዲህ አምሮ መውጣቱ ነው ያስጠላት። ወንድሟ ስንኞቿን ሲሰማ እንደሚያደርገው ከአንዱ ጥግ ሆኖ ጭኑን ሲመታ ልታየው ፈለገች፤ የለም፤ በዚህ ለቅሶ ውስጥ እሱ የለም። ለሁለተኛው ስንኝ አፏን ስትከፍት ጥሩሐረግ ከሴቶቹ መሐል ወጣች።

"አክስቴ" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። "ይህ የማን ለቅሶ ነው?"

ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት አቆሙ።

"ልጄ፣ ተይ" አለች ወለተ ሐና በሹክሹክታ።

"እሺ ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እሺ እያልሁ አደርሁ። አሁን ግን ሁሉም ያለቅሳል፣ እኔ ብቻ ለማን እንደማለቅስ ጠፋኝ።" ልጅቱ ወደ ጠመንጃው ሄደች። ካፖርቱን አነሣች፣ አጥፋ ከመሬት አኖረችው። ጠመንጃውን በሁለት እጇ ነቅላ እንደ ሕፃን አቅፋ ለባለቤቱ ለጎረቤታቸው ለአቶ ጓንጉል ወስዳ ሰጠች። ሰውየው በሰው ፊት አፍሮ ተቀበላት። "አባቴ ወታደር አልነበረም። አሥመራ አሜሪካኖቹ ሲዘፍኑ መጋረጃ ይስብ ነበር። እሱም ይዘፍን ነበር። እኔን ያሳደገኝ በዚያ ነው።"

ከወንዶቹ በኩል የተነሣው ጉርምርምታ ረጅም ነበር። ግራዝማች ብዙነህ መጀመሪያ አለቃን፣ ቀጥሎ ወለተ ሐናን አዩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አሉና ወደ በቅሏቸው ሄዱ። ወንድሞቻቸው ተከተሏቸው። እመት አልጣሽ ከጥሩሐረግ ፊት ሲደርሱ እጃቸውን ሊዘረጉ ቃጣቸው፤ ዘርግተው ሳያበቁ ሰበሰቡትና ባላቸውን ተከተሉ። ሁሉም ነገሩ ማለቁን ያውቃል፤ ከሁሉ በላይ ልጅቱ። ጥሩሐረግ ብቻዋን ከሜዳው መሐል ቆማ ቀረች።

ወለተ ሐና ልታቅፋት ወደደች። ግን አልቃሽ ናትና ሌላ የምትሰጣት ነገር ነበራት። ከልጅቱ ጎን ቆማ አወጣችው፦

ለሰው ደስታ ገላጭ፣ መጋረጃ ሳቢ፣
ዛሬ በአንተ ወርዶ ማን ይሁን ሰብሳቢ?

የሚቀበላት አልነበረም። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አዝማሪ እንዲህ ባለ ለቅሶ ይለቀስለታል ወይ? ወንዶቹ አንድ ሁለት እያሉ ይበተናሉ። ወለተ ሐና ድምፅዋ እየተሰበረ ደገመች፤ ሌላም ጨመረች፦

ለማያውቀው ሬሳ አልቅሶ በሰው አገር፣
እንዴት እምቢ እንበለው ሲገባ ከአፈር?

አሁንም የሚቀበላት የለም። የሚሰማው የጥሩሐረግ የደረት ምት ብቻ ነበር፤ እሱም የደከመ የልጅ ምት። አልቃሽ ብቻዋን ስታለቅስ ከማየት የከፋ ውርደት በዚያ አገር የለም። ወለተ ሐና ግን ያን ጊዜ ውርደቷን አላሰበችም። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ የጠፋው እንባ በአንድ ጊዜ መጥቶ ዐይኗን ጋረዳት።

ስለዚህ አለቃ ገብረ ሊባኖስ ከካህናቱ ተለይተው ሲመጡ አላየቻቸውም። ሴቶቹ መንገድ ሲለቁ ነው የታወቃት። ካህን ከሙሾ ክብ አይገባም፤ አለቃ ራሳቸው በየለቅሶው ሲያወግዙት የኖሩት ነገር ነው። ከመሐል ደርሰው ቆሙ። እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱና ጥምጥማቸውን ከጫፉ ይፈቱት ጀመር። ዙር በዙር ፈቱት፤ ሽበታቸው ፀሐይ ላይ ወጣ። ሰዉ አንገቱን ደፋ፤ የአለቃን ራስ ተገልጦ ያየ ማንም አልነበረም። አለቃ ያን ረጅም ነጭ ሻሽ ልጁ እንደሞተበት ማንኛውም ገበሬ ከወገባቸው አዞሩት፣ አጥብቀውም ቋጠሩት።

"እንደገና በይው፣ ልጄ" አሉ።

ወለተ ሐና ከጥሩሐረግ ጎን ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠቻቸው።